እናትም የምታርፍበት ክረምት

«ክረምት» የሚለው ቃል ባልባላ ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ ጋቢ፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ በቆሎ። እዚህ ግን ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱ እሳት ናቸው። ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ አቧራውን ተሸክሞ ይነሳል፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ልጆቻችን በአገር ቤቱ የትምህርት ካላንደር ስለሚማሩ ይህንን ወቅት «የክረምት ዕረፍት» ይሉታል። ክረምት አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዕረፍትስ ነው ወይ? ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሐሳባችንን ሳንዞር እናስቀምጥ። በዚህ ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በየክረምቱ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ከከተማው ወጥተው፣ አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ላይ ሆነው፣ ዛፍና ንጹሕ አየር ባለበት ቦታ ቢያድሩ ይገባል እንላለን። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የጎዳ ተራራ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን እንጨምራለን፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት እናት ወጥ አትሠራም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንደ ቀልድ እንዳይታይብን እንፈራለን። ቀልድ አይደለም፤ የጽሑፉ ዋና ነገር እሱ ነው።

በባልባላ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ መንገድ ያልፋል። የመጀመሪያው አገር ቤት መሄድ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ባቡር ከነጋድ ተነስቶ ድሬዳዋን አልፎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ ይደርሳል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን የአገር ቤት ጉዞ ከወራት በፊት የሚጀመር ሥራ መሆኑን እናውቃለን። ለአያት ሽቶ፣ ለአክስት ጨርቅ፣ ለአጎት ልጅ ጫማ ይገዛል፤ ሻንጣ ይጠቀጠቃል። እዚያ ሲደረስም በየቀኑ አንድ ቤት ይገባል፤ አንድ ቤት የቀረ እንደሆነ ቅሬታው ዓመት ይቆያል። እናትማ ከባቡር ወርዳ በቀጥታ ጓዳ ትገባለች፤ እንግዳ ሆና የሄደች ሴት አስተናጋጅ ሆና ትመለሳለች። ዘመድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ግዴታውም ክብር ያለው ነው። ግዴታን መወጣትና ማረፍ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ እዚሁ መቆየት ነው። ልጆች ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት ይገባሉ፤ ከቀትር በኋላ ቬንቲላተር ሥር ተጋድመው ስልክ ይነካካሉ። ሦስተኛው ልጆቹን ለዘመድ ልኮ ወላጅ ሥራ ላይ የሚቀርበት ነው። ወደቡ ክረምት አያውቅም፤ ሹፌሩም፣ የምግብ ቤት ሠራተኛውም፣ ባለ ሱቁም እንዲሁ። በብዙ ቤት ልጅ አባቱን የሚያየው ወይ ሊወጣ ሲቸኩል፣ ወይ ከአዳር ፈረቃ ተመልሶ ሲተኛ ነው። ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የጎደላቸው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ያለ ሥራና ያለ ይሉኝታ፣ አብሮ የሚቀመጥበት ሰዓት የለም።

እዚህ ላይ ቀላል ቁጥር እንቁጠር። አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ክረምት ስምንት ነው። ከዚያ በኋላ ጓደኛ ይበልጥበታል፤ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ወይም ሥራ ይጀምራል። ስምንት ክረምት በጣት ተቆጥሮ ያልቃል። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ግማሹን ጨርሷል። ወላጅ «ኑሮው ሲስተካከል እንሄዳለን» ሲል ኑሮው ሊጠብቀው ይችላል፤ የልጁ ዕድሜ ግን አይጠብቀውም።

ለመሆኑ የጎዳ ተራራ ምን አለው? ተማሪዎች ሆይ፣ የጂኦግራፊ ደብተራችሁን አውጡ። አየር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ በግምት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ባልባላ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። የጎዳ ተራራ ጫፍ ግን ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ የዳይ ደን ያለበት ከፍታም ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ እኛ በ41 ዲግሪ ስንጋገር እዚያ በሒሳቡ ከ32 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። በነሐሴ ወር ብርድ ልብስ መልበስ ለባልባላ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። በፌሪ ወደ ታጁራ መሻገር ይቻላል። በመኪና የሚሄድ ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ፣ የጉቤትን ውኃ እያየ፣ ወደ አሳል ሐይቅ የሚወስደውን መገንጠያ አልፎ ይሄዳል። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። በበጋ ልብስ እሳት አጠገብ ካለፉ በኋላ፣ በዚያው ቀን ማታ ጥድ ሥር መቀመጥ ይቻላል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ከፍታ የሚያሳይ አገር ብዙ አይገኝም፤ ልጆቻችን የሚኖሩት እዚህ አገር ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ከአምቡሊና ከመሀል ከተማው ያለፈ አላዩም።

ጥድ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። በዳይ ደን የሚበቅለው ጥድ በኢትዮጵያ ደጋ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚታየው የሐበሻ ጥድ ራሱ ነው። አጠገቡም ለወተት ዕቃ ማጠኛ የምናውቀው ወይራ አለ። ስለ አገሩ ደጋ ከአያቱ አፍ ብቻ የሰማ ልጅ፣ ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያንኑ ዛፍ በእጁ ሊዳስስ ይችላል። ዝቅ ብሎ በባንኩዋሌ ሸለቆ ደግሞ በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በየመን ብቻ የሚገኝ የዘንባባ ዓይነት ይበቅላል። በማለዳ የሚጮኸው የጅቡቲ ቆቅ ከጎዳና ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም። ድንጋዩ ላይ የሚዘሉት ዝንጀሮዎች ግን በብዛት ስላሉ ዳቧችሁን ጠብቁ።

ማረፊያም አለ። በዳይ፣ በዲቲሉና በባንኩዋሌ አካባቢ ለእንግዳ የተዘጋጁ ካምፖች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጎጆዎች የተሠሩት በአፋር ባህላዊ ቤት፣ በዳቦይታ አምሳል ነው። ጎብጠው ከታሰሩ እንጨቶች ላይ ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ይለብሳል፤ ነፋስ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ይከለክላል። ምግቡን የካምፑ ሰዎች ያዘጋጃሉ። ቴሌቪዥን የለም። ስልክም እንደ ከተማው አይሠራም።

ይህ ዓይነት ዕረፍት የሀብታም አገር ብቻ ሐሳብ ሊመስል ይችላል። በእርግጥ በ1968 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ በደን ውስጥ ትናንሽ ቤቶችን ሠርቶ ለቤተሰቦች ማከራየት የጀመረው ሴንተር ፓርክስ ዛሬ በአውሮፓ በብዙ ቦታ ይገኛል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ላንጋኖ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ሲሄዱ ኖረዋል። ሰዎቹ በሁሉም ቦታ የሚከፍሉት ለአንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ለጎጆ፣ ለዛፍ፣ ለጸጥታና ልጆች መኪና ሳይፈሩ ለሚሮጡበት ሜዳ። የጎዳ ተራራ መዋኛና መንሸራተቻ የለውም። ከላይ የዘረዘርናቸው አራቱ ግን አሉት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። በወላጆች ስብሰባ ይህ ሐሳብ ሲነሳ ምን እንደሚባል እንገምታለን።

የመጀመሪያው «ገንዘቡስ?» ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወደ ዳይ የሚያወጣው መንገድ አስቸጋሪ ስለሆነ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል፤ የአንድ ቤተሰብ አባወራ ብቻውን ቢከራየው ወገቡን ይሰብረዋል። ግን አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለዋል። ዕቁብ የማያውቅ ሐበሻ የለም። የክረምት ዕቁብ እንጀምር፤ ልዩነቱ ዕጣው ለሁሉም በአንድ ቀን የሚወጣ መሆኑ ነው። አንድ ቤተሰብ ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት 500 ፍራንክ ቢያስቀምጥ በ45 ሳምንት 22,500 ፍራንክ ይሆናል። አሥር ቤተሰብ ከሆነ 225,000 ፍራንክ ነው። መኪናውን በጋራ መከራየት፣ ከካምፑ ጋር ለብዙ ሰው በአንድ ዋጋ መነጋገር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው «ዘመድ ምን ይለናል?» ነው። አገር ቤት አትሂዱ አላልንም። በየዓመቱ የሚሄድ ቤተሰብ አንዱን ዓመት ሊያሳልፍ ወይም አራት ቀን ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ልጆቻቸውም ጤነኛ ሆነው እንዲቆዩላቸው ይፈልጋሉ። ዓመቱን ሙሉ ያላረፈች ልጅን ማየት የሚያስደስታት እናት የለችም።

ሦስተኛው «እዚያ ምን አለ? ድንጋይና ፍየል ነው፤ ልጆቹ ይሰለቻሉ» የሚለው ነው። አዎ፣ የመጀመሪያውን ቀን ይሰለቻሉ። መምህራን ሆነን የምናየውን እንናገር፤ መሰልቸትን የማያውቅ ልጅ መጠየቅም አይችልም። ስልክ የሌለው ልጅ በመጀመሪያ ያኮርፋል፤ ቀጥሎ ድንጋይ ይወረውራል፤ ከዚያ ጉንዳን ይከተላል፤ በሦስተኛው ቀን «ይህ ዛፍ ለምን ደረቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ማጠናከሪያ ትምህርት ጥሩ ነው፤ እኛም እናስተምራለን። ይህ ጥያቄ ግን በማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ አይወለድም።

አራተኛው ስለ ምግብና ስለ ጾም ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ስለሚጀምር ብዙ ቤተሰቦች ይጾማሉ፤ የካምፖቹ ምግብ ደግሞ ሩዝ፣ ዳቦና የፍየል ሥጋ ይበዛዋል። መፍትሔው ቀኑን መምረጥ ነው። ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ከነሐሴ 17 እስከ ጳጉሜን ባሉት ቀናት ቢኬድ ለሁሉም ይመቻል፤ ትምህርትም ገና አልተከፈተም። አስተናጋጆቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ከእኛም መካከል ሙስሊምና ክርስቲያን ቤተሰቦች አሉ። ማንንም በማያስቀይም አለባበስና አመል መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባልባላ ውስጥ በየቀኑ የምንኖረው እንዲሁ ነው።

አምስተኛው ስለ ደኅንነት ነው፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ የምናውቅ የባልባላ ሰዎች ደረቅ ወንዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረንም። ሰማዩ ጠራ ተብሎ በወንዝ መሄጃ ላይ አይታደርም፤ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ሳይጠሩት ይመጣል። ጉዞው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይጀመር፤ ውኃ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ይያዝ፤ የመታወቂያና የመኖሪያ ወረቀት አይረሳ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይቀጠር። አሳልንና አቤ ሐይቅን ለኅዳርና ለታኅሣሥ አቆዩአቸው፤ በክረምት እዚያ መዋል ቅጣት እንጂ ዕረፍት አይደለም።

ወደ ቅድመ ሁኔታችን እንመለስ። እናት ወጥ አትሠራም ስንል የወጥን ክብር ለመንካት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ሽርሽር የሚባለው ነገር ማድ ቤቱን ከነድስቱ ወደ ሌላ ቦታ ማጓጓዝ ነው። ባል ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ እናት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ማታም ዕቃ ታጥባለች። ሲመለሱ ሁሉም «ደስ ብሎን ዋልን» ይላል፤ እሷም ትላለች። እንግዲህ ካምፑ የሚያቀርበውን መብላት ነው። እንጀራ ናፈቀኝ የሚል ሰው ካለ ሦስት ቀን በናፍቆት አይሞትም። ቡና ግን ይቀራል ማለት አይደለም። ጀበናው ይያዝ፤ ቡናውን የሚቆሉትና የሚያፈሉት አባቶች ይሁኑ። የመጀመሪያው ስኒ ቢያርር ማንም አይስቅ፤ ሦስተኛው በረካ እስኪደርስ እጃቸው ይለመዳል። ልጆች አባታቸው ለእናታቸው ቡና ሲቀዳ ማየታቸው በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ከምንሰጣቸው ትምህርት ይልቅ ይቀመጥላቸዋል።

አባትም ማረፍ አለበት። ለአባት ዕረፍት ማለት አብዛኛውን ጊዜ መተኛት ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለት ሌሊት ከተኛ በኋላ ግን ሰው ይነቃል። የነቃ አባት ከልጁ ጋር ኮረብታ ሲወጣ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመምህሩ እንኳ ያልተናገረውን ነገር ይነግረዋል። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ ዝም የሚለውን፣ ጎን ለጎን ሲሄድ ሳይጠየቅ ያወራዋል።

የምንቸኩልበት ሌላም ምክንያት አለ። የዳይ ደን በ1939 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ነው። ሆኖም ዛሬ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ቆመው የደረቁ ብዙ ጥዶች ያያል። ዝናብ መሳሳቱ፣ የከብት ግጦሽና እንጨት መቆረጡ ተደማምረው ደኑን ጎድተውታል፤ ቆቁም አብሮ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ የምንሄደው እንደ እንግዳ ነው። እንጨት አንሰብርም፤ እሳት ከተፈቀደው ቦታ ውጭ አናነድም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ይዘን እንደወጣን ይዘን እንወርዳለን። ለአስጎብኚውና ለካምፑ የምንከፍለው ገንዘብ እዚያው ለሚኖሩ የአፋር ቤተሰቦች ዛፉ ከማገዶነቱ ይልቅ ቆሞ እንዲጠቅማቸው ያግዛል። ልጆቻችን ወላጅ ሆነው ልጆቻቸውን ወደዚያ ሲወስዱ ጥድ እንዲያገኙ ከፈለግን፣ ዛሬ ያዩትን መውደድ መጀመር አለባቸው። ያላዩትን ደግሞ አይወዱም።

ሦስት ሌሊት የማይሞላለት ቤተሰብ ይኖራል። የሥራ ፈቃድ የማያገኝ፣ ታማሚ ያለበት፣ ሕፃን የታቀፈ ይኖራል። ለእሱ አርታ አለ፤ ከከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ነፋሻ ከተማ ናት። አርብ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ሰው ማረፍ ከፈለገ አንድ ቀንም ቀን ነው። ደንቡ ግን አይለወጥም፤ እዚያም እናት ሽንኩርት አትከትፍም።

የምንጠይቀው ይህንን ነው። የወላጆች ኮሚቴ በመስከረም የመጀመሪያ ስብሰባው የክረምት ዕቁብን በአጀንዳ ይያዝ። የጂኦግራፊና የሳይንስ መምህራን ከጉዞው በፊት ለልጆች ስለ ጥዱ፣ ስለ ቆቁና ስለ ከፍታ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡ። ልጆች ሲመለሱ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ» የሚለውን የተለመደ ድርሰት ሲጽፉ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ሌላ የሚጽፉት ነገር ይኑራቸው። አባቶችም እስከዚያው ቡና ማፍላት ይለማመዱ፤ ዓመቱ ረጅም ነው፤ ጊዜ አላቸው።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ፤ ለእናቶቻችን ደግሞ መልካም ዕረፍት።